የጎባጣው ሳጥን መስታወት

«ጋሽ ብጣሽ» የሚለውን ስም ያወጣለት ሠፈሩ ነው። ብጣሽ ወረቀት ይሁን ብጣሽ ሽቦ፣ መሬት ላይ ወድቆ ያየውን ነገር ጎንበስ ብሎ ሳያነሳ አያልፍም። የጎበጠ ሚስማር አቃንቶ ይመታል። ያለቀ ሳሙና ከአዲሱ ጋር አጣብቆ እንደገና ሥራ ያስጀምረዋል። ምቀኞቹማ «ሲያስነጥሰው እንኳን ራሱን በራሱ ይማርህ ይላል፤ የሰው ትንፋሽ እንዳይባክን» ይሉታል። እሱም ይሰማል፣ ይስቃል። ሳቁንም ቢሆን አያበዛውም።

የሚስቁበት ሰዎች ግን አንድ ነገር አይክዱም። በዚያ ከተማ ዳር ማንጎ አደርቃለሁ ብሎ ከተነሳው ሁሉ ዛሬም በሩ ክፍት የሆነው የእሱ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ በሰፊ አዳራሽና በሚያብረቀርቅ ማሽን የተጀመረው ፋብሪካ ሁለተኛውን ወቅት እንኳ ሳይጨርስ ተዘጋ። የማሽኑ ሆድ የሚፈልገው ነዳጅ ከማንጎው ዋጋ በለጠ። አንዲት ጥርስ ስትሰበር ደግሞ መለዋወጫዋ ባሕር ተሻግራ እስክትመጣ ማንጎው እዚያው እንደተከመረ አረፋ ደፈቀ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ እርግብ ይራባል።

የጋሽ ብጣሽ ማሽን ፀሐይ ናት፤ እሷ ደግሞ መለዋወጫ አትጠይቅም። ግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ የቆሙ አሥራ ሁለት ሳጥኖች አሉት። ጎናቸው አሮጌ ጣውላ፣ ወለላቸው ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ መሃላቸው የተወጠረ መረብ፣ ክዳናቸው መስታወት ነው። አየሩ ከታች በቀዳዳ ገብቶ፣ ግሎ፣ የማንጎውን እርጥበት ይዞ ከላይ ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

ማንጎውም ገበያ የናቀው ነው፤ ትንሹ፣ ጠባሳ ያለበት፣ ነፋስ ያወረደው። ልጣጩ ለከብት አርቢው ይሄዳል፤ ከብት አርቢው በለውጡ ማንጎውን በጋሪው ያመላልሳል። የውስጡ ፍሬ ደርቆ ማገዶ ይሆናል። የታጠበበት ውሃ በቦይ ወርዶ የጓሮውን ጎመን ያጠጣል። የደረቀው ማንጎ የሚሸጠው ደግሞ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው፤ ጣሳውን አጥቦ ለመለሰ ደንበኛ በሚቀጥለው ይቀነስለታል። ሰው ሁሉ ይመልሳል። ከጊዜ በኋላ ደንበኞቹ በሚመለሰው ጣሳ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት መክተት ለመዱ። «ያሁኑ ትንሽ ከረረ»፣ «ለእናቴ ልኬላት ወደደችው»፣ «ልጄ ተመረቀች፣ ደስ ይበላችሁ»። ጋሽ ብጣሽ እያንዳንዷን አንብቦ ግድግዳው ላይ በወጠረው ሽቦ ይሰካታል። የጀርባዋን ባዶ ገጽ ለዝርዝር ይጠቀምበታል እንዳትሉ፤ ይጠቀምበታል፤ ግን አንብቦ ነው።

እሱና አራት ሴቶች ከነልጆቻቸው በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ከአራቱ አንዷ ታናሽ እህቱ ነበረች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ የልጅ እናት ነች፤ እሱ ግን ዛሬም በልጅነቷ ስም «ሚጣ» ነው የሚላት። እሷም «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር። ከሁለቱ በፊት የተወለደም በኋላ የመጣም የለም። እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ በዓለም ላይ የቀራት ታላቅ እሱ፣ የቀረው ታናሽ እሷ ነበሩ። ይሄን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ሳጥኖች አሥራ አንዱ አራት ማዕዘን ናቸው። አሥራ ሁለተኛው ብቻ አንድ ማዕዘኑ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ሠራተኞቹ «ጎባጣው» ይሉታል። የጋሽ ብጣሽ ኃጢአት እዚያ ሳጥን ላይ ተጋድሞ፣ በየቀኑ ፀሐይ ይሞቃል።

የሚጣ ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከመኪናው ጡሩንባ የሚበልጥ ሰው። አንድ ነገር አይወድም፤ ባዶ አውቶቡስ መንዳት። ተሳፋሪ በጠፋ ቀን በመንገድ ዳር የሚጓዘውን እግረኛ ሁሉ በነጻ እየጫነ ይሄዳል። «ወንበሮቹ እንዳይከፋቸው ነው» ይላል ሲጠይቁት። ከጋሽ ብጣሽ ጋር እየተበሻሸቁ ይዋደዱ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ባሟለጨው ድልድይ ላይ አውቶቡሱ ተንሸራቶ በአንድ ጎኑ ተኛ። ተሳፋሪው ሁሉ በቁስልና በስብራት ተረፈ። እሱ አልተረፈም። ሚጣ የስድስት ዓመት ልጅ ይዛ በኪራይ ቤት ቀረች።

በዚያን ጊዜ የጋሽ ብጣሽ ሥራ ራሱ አፋፍ ላይ ነበር። ሳጥኖቹን የሚከድነው በላስቲክ ነበርና ነፋስ ይቀደዋል፣ አቧራ ይገባል፣ ማንጎው ይሻግታል። ግማሹን ለከብት አርቢው በነጻ መስጠት ጀምሮ ነበር። መስታወት ያስፈልገው ነበር፤ የአዲስ መስታወት ዋጋ ደግሞ ጠይቆ መመለስ ብቻ ነው። አሁን እህቱና ልጇም በእሱ ላይ ወደቁ። ልቡ በሐዘን፣ ራሱ በሒሳብ ተወጥሮ ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ግቢ ገባ።

አውቶቡሱ እዚያ ነበር። ተበልቶ አጥንቱ ቀርቷል። ሲወድቅ ወደ ሰማይ የዞረው የጎኑ መስታወት ግን አንድም ሳይሰነጠቅ ተነቅሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አሥራ አንድ የተሳፋሪ መስኮት። ነጋዴው የጠራው ዋጋ ከጋሽ ብጣሽ አቅም በላይ ነበር።

እንግዲህ ሰው የለመደውን ነው። እጁ ኪሱ ውስጥ ሆኖ አፉ በልማዱ መከራከር ጀመረ። «ወዳጄ፣» አለ፣ «ይሄ ደም ያየ ዕቃ ነው። ሰው የሞተበትን መስታወት ማን ቤቱ ያስገባልሃል? ከእኔ ሌላ የሚገዛህ የለም።» ነጋዴው እሱ የማን ወንድም፣ የማን አማች እንደሆነ አያውቅም። ሰውየው ራሱን አከክ አከክ አድርጎ ዋጋውን በግማሽ ጣለው። ጋሽ ብጣሽ በሕይወቱ ካደረገው ድርድር ሁሉ እንደዚያ የተሳካለት የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

ይባስ ብሎ ነጋዴው ሊሸኘው ሲል ከጥግ አንድ መስታወት አንስቶ ጫነለት። «ይቺ ጎባጣ ስለሆነች ለምንም አትሆነኝም። ምራቂ ትሁንህ።» የሾፌሩ በር መስታወት ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያቺን እዚያው ትቷት ይሄድ ነበር። አሥራ አንዱ እንደሆኑ የማንኛውም መስኮት ይመስላሉ፤ የእሷን ቅርጽ ግን ያየ ሁሉ ያውቃታል። ጋሽ ብጣሽም ይህን አልሳተውም። ነገር ግን በምራቂ የመጣ ደህና ዕቃ ጥሎ መሄድ በእሱ ሃይማኖት አልተጻፈም። እጁ እምቢ አለው።

ቤቱ ደርሶ ሲያያት በታችኛው ጥግ የቢራቢሮ ተለጣፊ አለባት። የእህቱ ልጅ አባቷን «መንገድ ላይ እንዳይደብርህ» ብላ የለጠፈችለት ነው። ጋሽ ብጣሽ ጓሮ ተቀምጦ በጋዝና በምላጭ ፋቀው። እያለቀሰ ነው የፋቀው፤ ይሄንን ልንመሰክርለት ይገባል። ግን ፋቀ።

የመኪና መስታወት እንደ ቤት መስታወት አይቆረጥም። ልቁረጥህ ካሉት ሙሉው እንደ ጨው ይፈረፈራል። ስለዚህ መስታወቱን ለሳጥኑ ሳይሆን ሳጥኑን ለመስታወቱ ልክ ሠራ፤ ለጎባጣዋም ጎባጣ ሳጥን ሠራላት። ለሚጣ «ከፈረሰ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት» አላት። እሷም «ጎሽ» አለች። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ? እሱም ይህችን ብሂል ይዞ ዝም አለ።

ሚጣ በዚያው ወቅት ሥራ ጀመረች፤ ከወር በኋላ ከሁሉ በለጠች። ቢላዋዋ የሚያወጣው ስስ ቁራጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ማንጎው እንዳይጠቁር ሎሚ ውሃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በሰዓት ሳይሆን በመዓዛው ታውቃለች። የወሰደችው ሳጥን ግን፣ ከአሥራ ሁለቱ መርጣ፣ ጎባጣውን ነበር።

«ሚጣ፣ አንቺ የፊተኞቹን ያዢ፤ ይሄ ጥግ ነው፣ ነፋስ ይበዛበታል» አላት አንድ ቀን።

«ለምጄዋለሁ ወንድም ጋሼ፣ ተወኝ።»

ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ መጥታ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ታብሰዋለች። ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትመታው፣ ምላጭ የፋቀው ቦታ ከሌላው በጥቂቱ ፈዘዝ ይላል። ያኔ ከታች ባለው ማንጎ ላይ አንዲት ትንሽ፣ ክንፏን የዘረጋች ጥላ ትወርዳለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትጠፋለች። ጋሽ ብጣሽ ያቺን ጥላ ከወዲያኛው ረድፍ ሆኖ ሲያያት ፊቱን ያዞራል። እህቱ አታውቀውም ይላል ለራሱ፤ ነገ ብታውቀውስ ይላል መልሶ። እሷን ማጣት ማለት ለእሱ ሰው ማጣት ማለት ነበር፤ ከእሷ ሌላ «ወንድም ጋሼ» የሚለው የለም።

አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ጥላ ሥር በተቀመጡበት፣ መዶሻ ይዞ ጎባጣው አጠገብ ቆሞ ነበር። «እጄን አዳልጦኝ ነው» ማለት ብቻ ነው የሚቀረው። መዶሻውን አነሳ። መስታወቱን አየው፤ ጥርት ያለ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለው ደህና መስታወት። መዶሻውን ይዞ ተመለሰ፤ ያን ቀን ባቃናው ሚስማር የማይነቃነቅ በር መታ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊነግራት ቆረጠ። ማንጎ እየላጠች ነበር። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ «ሚጣ» አላት። ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። ብዙ ጠበቀችው።

«ሎሚው አልቋል እንዴ?» አላት።

«አላለቀም» አለችና ቢላዋዋን አነሳች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነ። የጋሽ ብጣሽ ሳጥኖች ስም አወጡ፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ ያያቸው ጀመር። በሦስተኛው ዓመት የማንጎ ወቅት መሃል ላይ ለትንንሽ ድርጅቶች ምክር ከሚሰጥ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ አሥራ አምስት ፍራፍሬ አምራቾችን ይዛ መጣች። ደብተር የያዘች፣ ፀሐይ የማትፈራ፣ ደስ የምትል ሴት ናት። ልጣጩ የት እንደሚሄድ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ፣ ጣሳው እንዴት እንደሚመለስ አንድ በአንድ አስጎበኘቻቸው። «እኛ ቢሮ ተቀምጠን በወረቀት የምንጽፈውን እኚህ ሰው በጣውላ ጽፈውታል» አለቻቸው። «ትልቁ ፋብሪካ ተዘግቶ ይሄ የቆየው ሀብታም ስለሆነ አይደለም። የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ነው።» ጋሽ ብጣሽ መሬት መሬት እያየ፣ በደስታ ጆሮው ቀልቶ ቆመ።

ሚጣ በዚያ ሰዓት ከጎባጣው የደረሰውን ማንጎ በወንፊት ላይ እየሰበሰበች ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ጋሼ» አለች ባለሙያዋ። «እዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ውድ የሚሆነው መስታወቱ ነው። ከየት አገኙት?»

«ከፈረሰ ትምህርት ቤት።» ይህን ከመደጋገሙ ብዛት ትምህርት ቤቱ በዓይኑ መታየት ጀምሮለት ነበር፤ ግድግዳው ቢጫ ነው፣ ደወሉም ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ሸምገል ያለ አናጢ ወደ ጎባጣው ሄዶ ያዘነበለውን ጠርዝ በመዳፉ ዳበሰው። «ይሄስ የትምህርት ቤት አልመሰለኝም። ተማሪው አንገቱን አዘንብሎ ነው እንዴ ውጭ የሚያየው?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ብጣሽም አብሮ ሳቀ። «የደረጃው መስኮት ነው» አለ። «ደረጃውን ተከትሎ የሚወርድ።»

«እንግዲህ ፎቅ ነበረዋ!»

«አዎ፣ ፎቅ።»

«የአውቶቡስ ነው» አለች ሚጣ።

ድምጿ ከፍ አላለም። ወንፊቱን እንደያዘች ነው። «አሥራ አንዱ የተሳፋሪ መስኮት ናቸው። ይሄኛው የሾፌሩ በር ነው። ሾፌሩ ባሌ ነበር።»

አናጢው እጁን ከመስታወቱ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ። ባለሙያዋ ደብተሯን ዘጋች። ጋሽ ብጣሽ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ከዚያ ሚጣ ወንፊቱን ወደ እንግዶቹ ዘረጋችና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ አደለች። «ማንጎ መድረቁ የሚታወቀው እንዲህ ነው» አለች። «እጠፉት። ከተሰበረ አልፏል ማለት ነው። ከተጣበቀ ደግሞ አልደረሰም።» አሥራ አምስት ሰው ማንጎ አጠፈ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የአምራቾቹ ሰብሳቢ የሆነችው ሴት ወደ ኋላ ቀርታ ከሚጣ ጋር ቆማ ስታወራ ነበር። ጋሽ ብጣሽ ከሩቅ አያት። ሌሎቹ ሠራተኞች ነገር ገብቷቸው አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሹልክ አሉ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚጣ ማጠቢያው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ቢላዋዎቹን ታጥባለች። እሱ አጠገቧ መጥቶ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«መቼ አወቅሽ?» አላት።

«የመጀመሪያው ወር ላይ። ጠዋት ፀሐይዋ ስትመታው ቢራቢሮዋ ማንጎው ላይ ወረደች። ልጄ ስትለጥፋት እኮ እኔ ነኝ ብብቷን ይዤ ከፍ ያደረግኳት። አልደርስ ብላ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ! ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነዋ።»

ቢላዋዎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ደረደረች። እሱ መናገር ጀመረ፤ ለሦስት ዓመት ሲያዘጋጀው የኖረው ነገር ሁሉ ተዘበራረቀበት። «ምን ላድርግ ሚጣ? ላስቲኩ ተቀዶ፣ ማንጎው ሻግቶ... አዲስ መስታወት መግዛት አልቻልኩም። አንቺ አለሽ፣ ልጅሽ አለች። ከየት ላምጣ?»

«መግዛትህ መች ከፋኝ! እኔም ብሆን እገዛው ነበር። እሱ ራሱ ቢኖር 'ግዙት' ነው የሚለው። ደህና ዕቃ ሲባክን አይወድም፤ በዚህ በዚህስ ትገጥሙ ነበር።» ፈገግ ልትል ነበር፤ አልሆነላትም። «ደስም ብሎኝ ነበር እኮ። ጠዋት ስመጣ እሱ ጋ የምመጣ ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እጇን አደረቀች። ጣት በጣት፣ በዝግታ።

«አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ጋ ሄጄ ነበር። ሌላ የቀረ ነገሩ ካለ ብዬ። ኮፍያው፣ የመሪው ልባስ፣ ምንም። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። መስታወቶቹንስ ማን ወሰዳቸው ስለው እየሳቀ አጫወተኝ። 'እንደሱ ያለ ተከራካሪ አይቼ አላውቅም' አለኝ። 'ደም ያየ ዕቃ ነው፣ ሰው የሞተበትን ማን ይገዛሃል እያለ በግማሽ ዋጋ ወሰደብኝ። የሾፌሩን ምራቂ አድርጌ ሸኘሁት' አለኝ።»

ጋሽ ብጣሽ ያን ቃል ከእሱና ከነጋዴው ሌላ የሰማው የለም ብሎ ነበር የኖረው። አሁን በእህቱ አፍ ሲሰማው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምራቂ፣ ወንድም ጋሼ» አለች። «አባወራዬን ምራቂ አድርገህ አመጣኸው።»

እሱ ያለቅስ ጀመር፤ ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ አያምርም። «ነገ እሰብረዋለሁ» አለ። «አትስበረው ካልሽም ባዶውን ይቀመጥ። ሁለተኛ ምንም ነገር አይደርቅበትም። በልጆቼ... ልጅም የለኝ፣ በአንቺ እምላለሁ።»

«ባዶውን?» አለች ሚጣ። ያን ጊዜ ነው እሷም ድምጿ የተሰበረው። «ባዶ መንዳት አይወድም እኮ! ረሳኸው እንዴ? ጫንበት። ሞልተህ ጫንበት። ሰው ሲጠይቅህ ግን ትምህርት ቤት አትበል። በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት ትምህርት ቤት ባልክ ቁጥር እንደገና ነው የቀበርከው። እኔም ማንጎ እያገላበጥኩ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ይቅር በይኝ ሚጣ።»

«ልዋሽህ እንዴ? ያን ቀን፣ ሎሚው አልቋል ያልከኝ ቀን፣ ብትነግረኝ እግርህ ላይ ወድቄ አብሬህ አለቅስ ነበር። ያኔ ሙሉ ይቅርታ ነበረኝ። ስጠብቅህ ስጠብቅህ አለቀብኝ።»

ወቅቱን ጨርሳለት ሄደች። ሥራ በመሃል ጥላ የምትሄድ ሴት አይደለችም። ያቺ ሰብሳቢ ሳጥን መሥራትና ማንጎ ማድረቅ እንድታሳያቸው ለምናት ነበር፤ ከተማቸው የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። በቀሩት ሳምንታት ከእሱ ጋር ስለ ሥራ ብቻ ነው ያወራችው፤ ስለ ሎሚ፣ ስለ መረብ፣ ስለ ደመና። በመጨረሻው ቀን ጋሽ ብጣሽ ሻንጣዋን ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኛቸው። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሚጣ ጉንጩን ሳመችውና «ራስህን ጠብቅ» አለችው። «ወንድም ጋሼ» አላለችም። አውቶቡሱ እስኪጠፋ ቆሞ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ይሰማ ነበር፤ ስለ ማን እንደሆነ ያን ቀን ገባው።

ሥራው አልወደቀም። እንዲያውም ይኸው በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ሳጥን ተጨመረ። ባለሙያዋም ሌሎች እንግዶች ይዛ መጣች፤ ከመካከላቸው አንዱ እንደተለመደው «መስታወቱን ከየት አገኙት?» አለ። ጋሽ ብጣሽ ጎባጣው አጠገብ ሄዶ ቆመ። ከእህቴ ባል አውቶቡስ ነው አለ። እንዴት እንደሞተ፣ ባዶ መኪና መንዳት እንደማይወድ ተናገረ። ከዚያ ለነጋዴው ያለውን ቃል ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራቸው፤ ድምጹ ሦስት ቦታ ላይ ተቆረጠ።

«እህትዎስ አሁን የት አሉ?» አለ እንግዳው።

«ሄደች» አለ።

ጎባጣውን ለሌላ ሠራተኛ አልሰጠም። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ያብሰዋል። ቢራቢሮዋ ማንጎው ላይ ወርዳ እስክትጠፋ ይቆማል፤ ሥራ ፈቶ ቆሞ የሚታየው በቀን አንዴ፣ ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳጥን የሚወጣውን ማንጎ አይሸጥም። አንድ ጣሳ ሞልቶ በየወሩ መጀመሪያ በአውቶቡስ ለእህቱ ይልካል።

ጣሳውም በየወሩ መጨረሻ፣ አንድም ወር ሳይዘል፣ በአውቶቡስ ይመለሳል። ሚጣ የዚያ ቤት ልጅ ናት፤ የድርጅቱን ደንብ ታውቃለች። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ነው የሚመጣው። ጋሽ ብጣሽ ከአውቶቡሱ ረዳት እጅ ተቀብሎ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ይከፍተዋል። ወደ ውስጥ ያያል። ዓይኑ ስለደከመ ማየቱን አያምነውም፤ እጁን እስከ ታች ከትቶ በጣቶቹ ጥግ ጥጉን ይዳብሳል። ወረቀት የለም።

ክዳኑን መልሶ ይገጥምና በብብቱ ይዞት ወደ ሥራው ይሄዳል። የሚቀጥለው ወር ማንጎ የሚሞላው በዚያው ጣሳ ነው።